በልደታ ቀን ለካርተር የቀረበ አቤቱታ

እናቴ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት መንገድ ዳር ጠብቃ አቤት ያለች ሴት ናት። ዙሪክም ሆነ ጄኔቫ፣ አበሻ በተሰበሰበበት ይህ ወሬ ከተነሣ ሰው ይሥቃል። «ያቺ ካርተርን እንደ ጃንሆይ መኪና ልታስቆም የወጣችው ሴትዮ» ይሏታል። ባለፈው ጥምቀት አንድ ሰውዬ ይህንኑ እኔ ፊት ሲያወራ ልጇ መሆኔን ሹክ አሉት፤ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን አልተቀበልኩትም። እኔ በእናቴ አላፍርም፤ ያናደደኝ ታሪኩን አበላሽቶ ማውራቱ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ዓመት አበላሽቼ ነበር የያዝኩት፤ ያውም እዚያው ቆሜ፣ ያውም እጄን አስገብቼበት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የምንኖረው ጄኔቫ ዳር ኦኔ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። አባቴ፣ ኅሩይ ከተማ፣ ጄኔቫ ባለው የመንግሥታችን ዲፕሎማቲክ ቢሮ ሁለተኛ ጸሐፊ ነበር። የተላከው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጃንሆይ ወርደው ደርግ ሲተካ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ተለወጠ እንጂ የአባቴ ወንበር አልተለወጠም። ለእኔ ዲፕሎማት ማለት ጠዋት ከረባት አሥሮ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ማታ ቸኮላት በኪሱ ይዞ የሚመጣ ሰው ማለት ነበር።

በሚያዝያ አጋማሽ ከቸኮላቱ ጋር ቴሌግራም ይዞ መጣ። ለምክክር አዲስ አበባ ተጠርቷል። አውሮፕላኑ ረቡዕ፣ ግንቦት ሦስት ቀን ይነሣል። እኔ ሶፋው ላይ ወጥቼ ዘለልኩ፤ ወዲያው ወረቀት አውጥቼ ሲመለስ የሚያመጣልኝን ዕቃ በዝርዝር መጻፍ ጀመርኩ። እናቴ፣ ስሟ የወይንሐረግ ነው፣ ሳህን ታጥብ ነበር። ሳህኑን አስቀመጠች፣ እጇን ሳታደርቅ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እሷን ትቷት ስለሚሄድ ያኮረፈች መሰለኝ።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ለምክክር ተብለው ከተጠሩት የአባቴ ወዳጆች ሁለቱ ሄደው ድምፃቸው ጠፋ። የአንደኛው ሚስት ከብራሰልስ እየደወለች እናቴ ስልክ ላይ ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ስጦታ አስባለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ይከራከሩ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ ሰማኋቸው።

«ካልሄድኩ አስፋን ይይዙታል» አለ አባቴ። አስፋ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበር።

«ከሄድክ ሁለታችሁንም ይይዟችኋል» አለች እናቴ።

«ወንድሜ ነው፣ የወይንሐረግ። እኔ እዚህ ሰላም ተኝቼ እሱ በእኔ ፋንታ ይታሰር?»

«ልጅህስ?»

«ልጄ እናት አላት።»

እኔን ብዙ አልገረመኝም። አዋቂዎች ከጉዞ በፊት እንዲህ ይነታረካሉ ብዬ ዝርዝሬ ላይ አንድ ቀይ የፀጉር ጌጥ ጨመርኩ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ አባቴ ጉዞና ስለ ካርተር። የካርተርን ወሬ የሚያመጡልን ጋሼ ሀብተሥላሴ ነበሩ። ጋሼ ሀብተሥላሴ የሚኖሩት ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ በባቡር ይመጡና ሶፋችን ላይ ያድራሉ። በጃንሆይ ጊዜ ቤተ መንግሥት ይሠሩ ነበር። ሥራቸውም እንዲህ ነው፤ የጃንሆይ መኪና በመንገድ ሲያልፍ አቤት ባይ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ መኪናው ይቆማል፣ እሳቸው ወርደው ወረቀቱን ይቀበላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ሲቀበሉ ኖረው አሁን አንድ የመደብር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራሉ። ኮፍያቸውንና ካፖርታቸውን ግን እንደ ቤተ መንግሥቱ ነው የሚለብሱት።

ጋሼ ሀብተሥላሴ በካርተር ፍቅር ወድቀው ነበር። «ቃለ መሐላውን ፈጽሞ ከመኪናው ወረደ» ይላሉ፣ ለአሥረኛ ጊዜ። «በዚያ ብርድ ሚስቱን በእጁ ይዞ፣ ትንሿን ልጁን አስከትሎ በእግሩ ሄደ። በእግሩ የሄደ መሪ ሰው ሲጠራው ይቆማል።»

አባቴ ይሥቃል። «ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የለውዝ ገበሬ ነው። ሰብአዊ መብት እያለ በየካቲት እርዳታውን ቀነሰ፤ እነዚህ ደግሞ በሚያዝያ አሜሪካኖቹን ጠራርገው አባረሩ። አሁን ፊታቸውን ወደ ሞስኮ አዙረዋል። የካርተር ንግግር ለማን ነው የጠቀመው?»

«ገበሬ መሆኑን ነው የምወድለት። ያውም እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር ገበሬ። እንዲህ ያለ ሰው አቤቱታ ይሰማል፣ ኅሩይ። አንተ ዲፕሎማት ስለሆንክ ሰው አይታይህም።»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር። ትንሿ ልጁ ኤሚ ትባላለች፤ እንደ እኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንደ እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር መደበኛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። መጽሔት ላይ መነጽሯንና ፀጉሯን አይቼ ጓደኛዬ እንደምትሆን ወስኜ ነበር። ስለዚህ ካርተር ግንቦት አንድ ቀን ሰኞ የሶርያን ፕሬዚዳንት ለማነጋገር ጄኔቫ እንደሚመጣ ሲነገር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኤሚን ትቷት አይመጣም።

እናቴ በዚህ ሁሉ ወሬ መሐል ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ ጠየቀች።

«ጋዜጠኛ ይከተለዋል?»

«ስንት መቶ» አሉ ጋሼ ሀብተሥላሴ።

ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እኔም የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ አባቴ ከመሄዱ በፊት የሚያስረክበው ሥራ ነበረውና ቢሮ ዋለ። እናቴ ጠረጴዛውን ጠርጋ ለጋሼ ሀብተሥላሴ ወረቀት ሰጠቻቸው። አቤቱታ ለካርተር ይጻፍ አለች። ሰውየው ዐይናቸው በራ። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ብዕራቸውን ሞክረው ተቀመጡ። ግን መጀመሪያው መስመር ላይ ተቸገሩ።

«ግርማዊ አይባልም። ክቡር ነው መባል ያለበት። ክቡር ደግሞ ለአውራጃ ገዥም ይባላል፤ ያንስበታል።»

«በእንግሊዝኛ አይደል የሚጻፈው፣ ጋሼ?» አለች እናቴ። «የእነሱን አባባል ይጻፉለት።»

«አስቀድሞ በአማርኛ ካልተጻፈ አቤቱታ አይሆንም» አሉ ተቆጥተው። በአማርኛ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ። ጃንሆይ ቢያነቡት ኖሮ ያለቅሱ ነበር፣ እሳቸው እንዳሉት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ገለበጡት።

እናቴ እንግሊዝኛውን ወሰደች። አዲስ አበባ ሳለች ባንክ ውስጥ የእንግሊዝኛ ታይፕ ጸሐፊ ነበረች፤ ቋንቋውን ታውቃለች። ከገጹ ላይ አብዛኛውን ሰርዛ፣ የቀረውን በራሷ ቃል እንደገና ጽፋ፣ አራት መስመር አደረገችው።

«ይኸው። በትልቁ ካርቶን ላይ ይጻፍ። ከሩቅ የሚነበብ።»

«የኔ እመቤት፣ አቤቱታ ከሩቅ አይነበብም። እጅ ለእጅ ነው የሚሰጥ።»

«እርስዎ እጅ ለእጅ ይስጡ። ለእኔ ከሩቅ ይሁንልኝ።»

ጋሼ አራቱን መስመር አነበቡና ፊታቸው ተለወጠ። «ኅሩይ ተስማምቷል?»

«ተስማምቷል» አለች፤ ዐይናቸውን ግን አላየችም። መሬት ነበር የምታየው። እኔም አብሬ ተስማምቷል ብዬ አመንኩ። አባቴ ከእናቴ ጋር የማይስማማበት ነገር ምን ሊኖር ይችላል?

ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ከክፍሌ አንደኛ ነበር፤ አስተማሪዬ ማዳም ለሌሎቹ ታሳይበት ነበር። እናቴ ፊደሎቹን ዝም ብለሽ አስመስለሽ ገልብጪ አለችኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ትምህርቴ በፈረንሳይኛ ነው። ምን እንደሚል ስጠይቃት «የእንግዳ ነው» አለችኝ። እንኳን ደህና መጡ የሚል ነው ብዬ ገባኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የአባቴን ስም ሳይ ደግሞ ኮራሁ፤ እንግዳውን የሚቀበለው አባቴ ነው ማለት ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ ምላሴን በጥርሴ ነክሼ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀሁበት። ጥግ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተረፈኝ። እናቴ ሳታየኝ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሣልኩ፤ አንዷ ጠቆር ያለች፣ አንዷ መነጽር ያላት።

ሰኞ ልደታ ናት። እናቴ ስንዴና ሽንብራ ቀቅላ በትልቅ ሳህን አደረገችና በጨርቅ ሸፈነችው። የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም፤ ኦኔ በመጣን በየዓመቱ ከሕንፃው ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንበላው፤ ጎረቤቶቹም በመስኮት ያዩን ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ቦታ እንበላለን አለችኝ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አባቴ እንደ ወትሮው ከረባቱን አሥሮ «የልደታን ንፍሮ እንግዲህ ለእኔም አስቀሩልኝ» ብሎ ወጣ። እሷ ከኋላው በሩን እንደያዘች ብዙ ቆመች።

ካርቶኑን በነጠላ ጠቅልለን ይዘን፣ ጋሼ ሀብተሥላሴን ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አግኝተን፣ ስብሰባው የሚደረግበት ሆቴል ወዳለበት ሰፈር ወጣን። ጋሼ ከመጋዘናቸው ፈቃድ ጠይቀው ነው የመጡት። ጫማቸውን ቀብተዋል። ቦታ የመረጡት እሳቸው ናቸው።

«ኩርባው ላይ ነው መቆም። መኪና የሚያዘግመው እዚያ ነው። ፊተኛው ሲያልፍ ዝም ትላላችሁ፤ እሱ የጠባቂ ነው። ሁለተኛው ሲደርስ ወረቀቱን ከራስ በላይ፣ በሁለት እጅ።»

እናቴ ሰማቻቸው፣ ራሷን ነቀነቀችና መንገዱን ተሻገረች። ከኩርባው ራቅ ብሎ በገመድ የታጠረ ቦታ ነበር፤ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን አንግተው ይጠብቃሉ። ከገመዱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ሳህኑን አስቀመጠችና ተቀመጠች። ጋሼ ከማዶ እጃቸውን እያወናጨፉ ጠሩን። መንገዱ እዚያ ቀጥ ያለ ነው፤ መኪና እዚያ አይቆምም እያሉ ጮኹ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ እሳቸውም ተናደው ኩርባቸው ላይ ብቻቸውን ቆሙ።

አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ። ምን እንደምናደርግ ጠየቀኝ፤ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«የማርያም ልደት ነው በይው» አለች እናቴ። «ይህን የምንበላው ውጪ ነው፣ ሃይማኖታችን ነው በይው። ቅመሱልን በይው።»

ፖሊሱ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ በመጨረሻ አንዲት ሽንብራ አንሥቶ ወደ አፉ ጣለ። ጨው አንሶታል አለኝ። ተረጎምኩላት። እናቴ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። በነጠላ የተጠቀለለውን ነገር ሳይጠይቅ ሄደ።

ከዚያ ሞተር ብስክሌቶቹ መጡ። እናቴ ተነሣች፣ ነጠላውን ገፈፈችና ካርቶኑን አንድ ጫፍ ለእኔ ሰጠችኝ። ከኩርባው በኩል የጋሼ ሀብተሥላሴ ድምፅ ተሰማ። «አቤት፣ አቤት» ይላሉ፤ ወረቀታቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ሁለት ፖሊሶች ብብታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷቸው። ኮፍያቸው ወደቀ። ጥቋቁሮቹ መኪናዎች ተከታትለው አለፉ፤ አንዱም አላዘገመም።

እኔ ኤሚን እፈልግ ነበር። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ሆኖም ከአንዱ መኪና ውስጥ አንድ እጅ ሲወዛወዝ ያየሁ መሰለኝና ለዓመታት ለክፍል ጓደኞቼ ካርተር ሰላም ብሎኛል ስል ኖርኩ። ዛሬ የትኛው መኪና የእሱ እንደነበረ እንኳ አላውቅም። ኤሚም ጄኔቫ አልመጣችም።

ኤሚን ፍለጋ ዞር ስል ነው እናቴን ያየኋት። ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታለች። ካርቶኑ የዞረው ወደ ጋዜጠኞቹ ነው።

«እማዬ፣ ዞረሻል እኮ» አልኳት። «መኪናው በኋላሽ ነው።»

«ዝም በይ። ቀጥ አድርገሽ ያዢ።»

ካርተር የዓለም ትልቁ ሰው ነበር፣ እናቴም ጀርባዋን ሰጠችው። ካሜራዎቹ ተንጫጩ። አንድ ጺማም ጋዜጠኛ ገመዱን አልፎ ስሙ የተጻፈው ሰው ማን እንደሆነ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ።

«ባሌ ነው በይው» አለች። «አሁን ቢሮው ነው ያለው። ስሙን አስተካክሎ ይጻፍ፣ ከተማ የሚለውንም እንዳይረሳ በይው።»

ጋሼ ሀብተሥላሴን ከሁለት ሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። አዝነው ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ በደስታ ተሞልተው መጡ። አንድ መኮንን ወረቀቱን በእጁ ተቀብሏቸዋል። «እንደኔ ያለ ሰው ነው፤ ቦታው ያደርሰዋል» አሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው አቤቱታው እንደደረሰ ያምኑ ነበር፤ ልከራከራቸው አልፈለግሁም።

ማክሰኞ አባቴ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቤት መጣ። በዚያ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፎቶግራፉ ግማሽ ገጽ ይሆናል፤ እናቴ በነጭ ቀሚስ፣ እኔ አፌን ከፍቼ፣ መሐላችን ካርቶኑ። አንዷም ፊደል አልጠፋችም።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ» አልኩ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

ጣቱን ጥጉ ላይ ባሉት ሁለት ልጆች ላይ አሳረፈ። «ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«እንኳን ደህና መጡ።»

አባቴ ዐይኑን ጨፈነ። ስሙን አሳስቼ የጻፍኩ መሰለኝ። የጻፍኩት ይህን ነበር፤ «እኔ ኅሩይ ከተማ፣ የኢትዮጵያ ዲፕሎማት፣ ሕዝቡን ለሚገድል መንግሥት ከዛሬ ጀምሮ አላገለግልም። ወደ አገሬም አልመለስም። ፕሬዚዳንት ካርተር ስለ ሰው ልጅ መብት ተናግረዋል። ይስሙኝ።» ትርጉሙን ያወቅሁት እንግሊዝኛ ስማር፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው።

«ለምን?» አላት እናቴን።

«ነገ እንዳትሄድ።»

«በስሜ? ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ። እሺ የማትለውን ነገር ለምን እጠይቅሃለሁ?»

«አስፋን ገደልሽው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። የወንበሩን ጀርባ ይዛለች። «አንተን ግን አልገደልኩህም። አሁን ብትሄድ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ነው የሚወስዱህ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ከጠላኸኝ እዚሁ ሆነህ ጥላኝ።»

አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ በብብቱ ያዘ። አለቃው ቢሮ እየጠበቀው ነው አለ፤ ወጣ። እናቴ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍታ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥን መለሰች። አግዢኝ ብትለኝ አላግዝም አልኳት። ጉዞውን ያበላሸችው እሷ ናት፤ የአባቴን ደስታ፣ የእኔን ስጦታዎች፣ ሁሉን። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምጠላት ነገርኳት። «እሺ» አለችኝና ማጠፏን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በፍጥነት ይነገራል። ቤቱ የቢሮው ነበርና ወጣን። ጋሼ ሀብተሥላሴ ወደ አድሊስቪል ወሰዱን፤ አባቴ እሳቸው በሚሠሩበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደርዳሪ ሆነ፤ የጥገኝነት ፈቃዳችን እስኪደርስ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ፈረንሳይኛዬን ጥዬ በጀርመንኛ እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። አስፋን በዚያው ሳምንት ያዙት። አባቴ እናቴን አላነጋገራትም። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ነገ የማታ ተረኛ ነኝ» ይለኛል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ። እሷም «ለአባትሽ ንገሪው፣ ምሳውን አስሬለታለሁ» ትለኛለች። ይህ አራት ዓመት ሙሉ ሄደ። ሌላ ሴት ብትሆን ተንበርክካ ይቅርታ ትለምን ነበር። እናቴ አንድ ቀን አልለመነችም። ምሳውን አንድ ቀን ሳታስር አላደረችም።

በሰባ ሦስት ክረምት ደብዳቤ መጣ። አባቴ ወጥ ቤት ገብቶ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ እኔን አልፎ እሷን አየ።

«የወይንሐረግ» አለ፤ «አስፋ ተፈትቷል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ድስቱን ማማሰል ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ አስተርጓሚነቴ አበቃ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ድምዳሜ አንድ ነበር። አባቴ ተይዞ ነው የቀረው። እናቴ በሩን ከውጪ ቆልፋበታለች፤ ምርጫ አልነበረውም። አክብሬያታለሁ፣ ኋላ ላይም ወድጃታለሁ፤ ይህን ግን ከልቤ አላወጣሁትም። አባቴ ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱም ስለዚያ ማክሰኞ አንድ ቃል አልተናገረም።

ዘንድሮ በየካቲት አቶ ሽፈራው የሚባሉ ሰው ስልክ ደወሉልኝ። በዚያ ዘመን የአባቴ ቢሮ ታይፒስት ነበሩ፤ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጄኔቫ ሻትሌን ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳልሞት የምነግርሽ አለ አሉኝ። በባቡር ሄድኩ። ሻይ ቀድተው፣ ስኳሩን እያማሰሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ ነገሩኝ።

«ያን ማክሰኞ ጠዋት አለቃው አንድ ወረቀት አስጻፈኝ። ሚስቴ የአእምሮ በሽተኛ ናት፣ ይህን ያደረገችው ያለ እኔ ዕውቀት ነው፣ አወግዛታለሁ የሚል። ኅሩይ ከፈረመ ነገሩ እዚያው ይቀራል፣ ረቡዕ ይሄዳል፣ ወንድሙንም ማንም አይነካውም ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ተብሏል ግን። አባትሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ብዕር ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?»

«አለቃው ጋዜጣውን አሳየው። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀው፣ መልሱን ያውቀዋላ። ይህ ጽሑፍ ያንተ ነው ወይ አለው።» አቶ ሽፈራው ማንኪያውን አስቀመጡ። «አባትሽ ብዕሩን መለሰልኝ። ቃሉ የእኔ ነው፣ ጽሕፈቱ የልጄ ነው አለ። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወጣ።»

ወደ ዙሪክ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ። በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። እናቴን ዕብድ ናት ብሎ መውጣት ይችል ነበር፣ ስሙንም አጥቦ፣ ምናልባት ወንድሙንም አድኖ። አልወጣም። አስፋ ለአራት ዓመት ሲታሰር የእናቴ ብቻ ሳይሆን የአባቴም እጅ አለበት፤ ያን አራት ዓመት ያኮረፈው እናቴን ብቻ አልነበረም፣ ራሱንም ነው።

ከጣቢያው በቀጥታ አድሊስቪል እናቴ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ አንደበቷ ግን አልደከመም። አቶ ሽፈራው ያሉኝን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል ነገርኳት። ሰዎቹ ሲሥቁባት ያላለቀሰች ሴት ዐይኗ እንባ ሞላ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተኮሳተረና ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ያ ሰውዬ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሆኖ ነው ያኮረፈኝ?» አለችኝ።